ይነበባል እንጂ አይቆጠርም

በአሥራ አራት ዓመቴ ዳኛ ነበርኩ። አትሳቁ፣ የምሬን ነው። ችሎቴ የቤታችን ሳሎን፣ ሕጌ አንድ ወፍራም የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት፣ መዶሻዬ ደግሞ የእናቴ የነጭ ሽንኩርት መውቀጫ ነበር። አባቴ «ጓድ ዳኛ» ብሎ ይጠራኛል። ያኔ ጓድ ያልሆነ ሰው የት ነበረና? የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ፣ በኅብረት ሱቁ ስኳር የሚመዝነው ጓድ፣ አጉድሎ የሚመዝነውም ያው ጓድ። እኔ ብቻ ምን በድዬ ይቅርብኝ።

ሀዋሳን ያኔ አዋሳ ነበር የምንላት። አባቴ እዚያ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ኃላፊ ሆኖ ተዛውሮ ሲመጣ እኔ ገና ጥርስ አላበቀልኩም። ወጣት ሳለ አንድ ህንዳዊ አስተማሪ እንግሊዝኛን እንደ ጉንፋን አጋብቶበት ሄዷል፤ እስከ ዕለተ ሞቱ አልለቀቀውም። ቢራ አይወድ፣ ካርታ አይጫወት፣ ሐይቅ ዳር ወጥቶ አይንሸራሸር። የእሱ ሱስ እሑድ እሑድ ከምሳ በኋላ ቃል ፍለጋ ነበር።

ጨዋታው እንዲህ ነው። አባቴ ከተጣለ የፋይል ሽፋን ሃያ ስድስቱን የእንግሊዝኛ ፊደላት በመቀስ ቆርጦ የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ከቷቸዋል። ዳኛዋ፣ ማለትም እኔ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ሦስት ፊደል አወጣለሁ። ተጫዋቾቹ ሦስቱም ፊደላት ያሉባቸውን ቃላት፣ ቅደም ተከተሉ እንዴትም ይሁን፣ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ይጽፋሉ። ከአራት ፊደል ያነሰ ቃል ዋጋ የለውም። የጠረጴዛ ሰዓቱ ደወል ሲጮኽ ወረቀቶቹን ተቀብዬ እያንዳንዱን ቃል ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ የጠረጠርኩትን መዝገበ ቃላቱ ውስጥ እፈልጋለሁ፣ ከዚያ ጠረጴዛውን በመውቀጫው መትቼ ውጤት እናገራለሁ። እናቴ ይኼን ጊዜ ጓዳ ትገባለች። «እብድ ቤት ነው የገባሁት» የምትለው እዚያ ሆና ነው፤ እንድንሰማት ግን ድምጿን አትቀንስም።

አባቴ ሲጫወት ምሕረት የለውም። ለልጅ እያወቁ መሸነፍ ልጁን መዋሸት ነው ይል ነበር። አንድ ቀን አሥራ ስምንት ለሁለት አሸንፎኝ ስነፋረቅ መሐረቡን ሰጠኝ፣ መዝገበ ቃላቱን ከፊቴ አስቀመጠልኝ፣ ወደ ሬዲዮኑ ሄደ። በዚያው ሳምንት ነው ከተጫዋችነት ወደ ዳኝነት የተዛወርኩት። ከመሸነፍ መፍረድ ይሻላል።

አንድ ልማድ ነበረው። መዝገብ ቤት የኖረ ሰው ስለሆነ የጻፈውን ቃል ሲተው አይፍቅም፣ አያድበሰብስም። ከኪሱ አጭር ማስመሪያ አውጥቶ አንድ ቀጭን መስመር ያሰምርበታል፣ ጎኑ ላይ ደግሞ አጭር ፊርማውን ያኖራል፤ መሥሪያ ቤት ፓራፍ የሚሉትን። መፋቅ የሌባ ሥራ ነው ለእሱ። የተሰረዘ ነገር ከሥሩ መታየት አለበት፣ ማን እንደሰረዘውም መታወቅ አለበት። በዚህ ምክንያት ለዳኛዋ አንድ የማይሻር ሕግ አወጣልኝ፦ «የተሰረዘ ይነበባል እንጂ አይቆጠርም።» እኔም የተሰረዘውን ሁሉ እንደ አዋጅ ጮክ ብዬ አነብ ነበር። የሰው ስሕተት ማንበብ እንዴት ደስ ይላል!

አሁን ወደ እህቴ ልምጣ። እትዬ ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። በአንድ እርሻ ነክ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበረች። ልቧን የሰጠችው ደግሞ እኔ በምማርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለአሥራ አንደኛ ክፍል እንግሊዝኛ ለሚያስተምር መምህር ነው። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ከይርጋለም ወዲያ ካለ የሲዳማ ገጠር የመጣ፣ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደገ ሰው። ጴንጤ ነው። በዚያ ዘመን ጴንጤ መባል ብቻውን ቀበሌ ያስጠራ ነበር፤ እናቴ ግን ያሳሰባት ቀበሌው ሳይሆን ፍልሰታን የማይጾም አማች ነው። ከዚህ ሁሉ የባሰው፣ ቲቸር፣ ሁላችንም የምንጠራው እንዲህ ነበር፣ ዝውውር ወጥቶለታል። ትምህርት ሲዘጋ ወደ ጋሞ ጎፋ ይሄዳል። ከዚያ በፊት ተጋብተው አብራው ካልሄደች፣ ያኔ ዓመት ቀርቶ ወር እንኳ ምን ይዞ እንደሚመጣ የሚያውቅ አልነበረም። እህቴ ይኼን ስታስብ እራት አይበላላትም ነበር።

ሚያዝያ ላይ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። አንዱ የትምህርት ቤቱ ነባር መምህር፣ አንዱ መድኃኒት ሻጭ፣ ሦስተኛው የቲቸር አጎት፣ አማርኛው ቀስ የሚል፣ ነጭ ጋቢ የለበሱ የገጠር ሽማግሌ። አባቴ እንደ ደንቡ ልጠይቅ፣ ልምከር አለ። ከደንቡ ውጪ ግን አንድ ነገር ጨመረ፤ ልጁ እሑድ ይምጣና እንጫወት። እናቴ ያን ቀን ሁለት ብርጭቆ ሰበረች። ሽማግሌ የላከ ወንድ መልስ ሳያገኝ የልጅቷ ቤት ገብቶ ጣሳ ያንቀሳቅሳል ወይ? አባቴ ግን፣ እንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ ካለ እንግሊዝኛውን ልየው አለ።

ቲቸር በመጀመሪያው እሑድ ሲመጣ በር ላይ ብቻ አምስት ደቂቃ ፈጀን። አባቴ «ይግቡ፣ መምህር» ይላል፤ ቲቸር «እርስዎ ይቅደሙ» ይላል። ኧረ ይግቡ፣ ኧረ በፍጹም፣ በእናቴ ሞት፣ ኧረ በመድኃኔ ዓለም። በመጨረሻ ሁለቱም አንድ ላይ ሲገቡ ትከሻቸው በሩ ላይ ተቀረቀረ። እኔ ሳቄን በመውቀጫው ሸፈንኩት። ያኔ ብልጥ ብሆን ኖሮ ጨዋታውም እንደ በሩ እንደሚሆን አውቅ ነበር።

ኤ፣ ኤክስ እና ቲ አወጣሁ። አሥር ደቂቃ አለቀ። ቲቸር ሦስት ቃል፤ ታክሲ፣ ኤክስትራ፣ ኤግዛክት። አባቴ አራት። አራት! አሥራ ስምንት ለሁለት ያስለቀሰኝ ሰው! ወረቀቱን ሳየው ግን ቆጥሬ የማልጨርሰው መስመር ከነፓራፉ ተሰልፏል። ኤግዛሚኔሽን ተሰርዟል፣ ኤክስፕላኔሽን ተሰርዟል፣ እኔ የማላውቃቸው ረጃጅሞች ሁሉ ተሰርዘዋል። እንደ ሕጌ ላነብ አፌን ስከፍት አባቴ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠኝ። ገባኝ። ለእንግዳው ሊሸነፍለት ፈልጎ ነው። ሰው በቤትህ ሲቀመጥ አታዋርደውም።

የቲቸርን ወረቀት ደግሞ ከሄደ በኋላ ወደ መስኮቱ ይዤ ሄድኩ። እሱ ማስመሪያ የለውም፣ ላጲስ ነው ያለው። ወረቀቱ ከመፋቁ ብዛት ሳስቷል። የእርሳሱን ጠባሳ በብርሃን ስከተል አሥራ አንድ ቃል አገኘሁ፤ ሁሉም ትክክል። የወደፊት አማቱን፣ ያውም በገዛ ቤታቸው፣ ልጃቸው ፊት እንዴት ያሸንፍ!

ሁለተኛው እሑድ ሦስት ለሦስት። ሦስተኛው እሑድ ቢ፣ ኤል እና ኢ ወጡ፤ ሕፃን ልጅ እንኳ አሥር ቃል የሚለቅምባቸው ፊደላት ናቸው። ሁለት ትልልቅ ሰዎች አሥር ደቂቃ ሙሉ ላለመጻፍ ላባቸው ጠብ እስኪል ተቀመጡ። ሁለት ለሁለት። ቲቸር የጻፈው ቴብል እና ብሉ ነው፤ ከላጲሱ ሥር ባይብልን አገኘኋት፣ የሚሲዮን ልጅ አይደል። በዚያ ሰሞን ከእኔ በላይ ደስተኛ ሰው አዋሳ ውስጥ ነበረ ብዬ አላምንም። ሁለቱንም ወረቀት የማየው እኔ ብቻ ነኝ። ምስጢር በጉንጭ እንደያዙት ከረሜላ ነው፤ ቶሎ ማኘክ አልፈለግኩም።

ቀልዴ ያስከፈለው እህቴን ነው። ሽማግሌዎቹ ለመልስ ሲመጡ አባቴ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «ሃይማኖቱን እግዜር ይየው፤ እንግሊዝኛውን ግን እኔ አይቼዋለሁ» አለ። የማያውቀውን እያስተማረ የመንግሥት ደመወዝ የሚበላ ሰው፣ ነገ ትዳሩንም እንዲሁ ነው የሚያስመስለው አለ። ሽማግሌዎቹም «ሽማግሌ አንዴ እምቢ ቢሉት አይቀርም፣ በሰኔ እንመለሳለን» ብለው ወጡ። ይባስ ብሎ ቲቸርም በበኩሉ ለእህቴ፣ የአባትሽን እንግሊዝኛ ሰዉ አጋኖታል መሰለኝ ብሏታል ለካ።

እትዬ ማታ አልጋ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ስታለቅስ ከረሜላዬ መረረኝ። ሁሉንም ነገርኳት። መጀመሪያ ቆነጠጠችኝ፤ እስከ ዛሬ ቦታውን አውቀዋለሁ። ቀጥላ ሳቀች። ከዚያ እንደገና አለቀሰች። በነጋታው እንምከር አለችኝ።

ምክሩ ቀላል አልነበረም። ለአባቴ «ልጁ እኮ አዝኖልህ ነው የተሸነፈው» ብትለው ነገሩ እዚያው ይቀበራል፤ ማን ሆኖ ነው የሚያዝንልኝ ይላል። ለቲቸር «አባቴም አዝነውልህ ነው» ብትለው ከሀፍረቱ ደጃችንን ዳግመኛ አይረግጥም። ዝም ብለህ በደንብ ተጫወት ብላው ነበር አሉ፤ «አባትሽን በቤታቸው? ምን ዓይነት ስድ አድርገሽ አየሽኝ?» ብሎ ተቆጣት። ስለዚህ እኔ ሌላ መንገድ ፈጠርኩ። እንዳይተዋወቁ ሆነው ይጫወቱ።

ለአባቴ፣ ከከተማው ወጣ ካለው ከቡሹሎ ጤና ጣቢያ የሚመላለስ አንድ ድሬሰር፣ ቁስል የሚያሽግ ጤና ሠራተኛ፣ አለ፣ የክፍል ጓደኛዬ አጎት ነው፣ የድሮ ተማሪ ወሬ ብቻ ነው ይላል አልኩት። አባቴ መነጽሩን አወለቀ። ለቲቸር ደግሞ አንድ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ አሉ፣ የዛሬ አስተማሪ ኤ ቢ ሲ ዲ እንኳ አይዘልቅም ይላሉ አልኩት። ቲቸር ሲቆጣ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ጆሮው ብቻ ነው የሚቀላው። በየሳምንቱ አንድ ዓይነት ሦስት ፊደል ለሁለቱም እሰጣለሁ። አባቴን እቤት፣ ቲቸርን ቤተ መጻሕፍቱ ጥግ፣ ሰዓት ይዤ አስጽፋቸዋለሁ። ዋናው ወረቀት እኔ ጋ ይቀራል፤ እህቴ በመሥሪያ ቤቷ የእንግሊዝኛ ታይፕ ገልብጣ የአንዱን ለሌላው ትልካለች፣ የእጅ ጽሑፋቸው እንዳይታወቅ። ቲቸር አባቴን ሊጠረጥር አልቻለም፤ አባቴ ሁለት ቃል ብቻ የሚያውቁ ሰው ናቸዋ! አባቴም ቲቸርን በሕልሙ አላሰበውም፤ ያው በተመሳሳይ ምክንያት።

ጎበዝ፣ ምን ልበላችሁ! ጦርነት ሆነ። ሃያ አራት ለሃያ አንድ፣ አባቴ። አሥራ ዘጠኝ ለአሥራ ስምንት፣ አሁንም አባቴ። ወረቀቱ ጠርዝ ላይ ስድብ ተጀመረ። አባቴ «ይህ ቃል በቡሹሎ ብቻ የሚነገር ይሆን?» ብሎ ጻፈ፤ እህቴ ቡሹሎን «በእርስዎ ሰፈር» ብላ ገለበጠችው። ቲቸር ደግሞ፣ በትሕትና፣ ለታላቁ ሰው ዓይን የሚስማማ ትልልቅ ፊደል ያለው መዝገበ ቃላት ልልክ ወይ ብሎ መለሰ። እህቴ ይኼን ሁሉ ስትተይብ አንዳንዱን ስድብ ታለዝበዋለች፤ አንዳንዱን ደግሞ፣ ቆይታ ነው የነገረችኝ፣ ታሾለዋለች። የእኔ እህት አይደለች?

አንድ ቀን ቀትር ላይ የቲቸርን ወረቀት ይዤ ስመለስ ቀበሌው በር ላይ አንድ የአብዮት ጥበቃ አስቆመኝ። ቦርሳዬን ፈትሾ ወረቀቱን አወጣ። ከላይ ፒ፣ አር እና ኦ በትልቁ ተጽፈዋል፣ ከሥር የእንግሊዝኛ ቃላት ተደርድረዋል። ምንድነው አለኝ። የቤት ሥራ ነው፣ ሦስቱ ፊደላት ያሉበትን ቃል መፈለግ ነው አልኩት። ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ እርሳሴን ተቀበለኝና ከሥር በትልልቁ ፕሮሌታሪያት ብሎ በእንግሊዝኛ ጻፈ። ትክክል ነው! አባቴም ቲቸርም አላገኟትም ነበር፤ በየቀኑ ሬዲዮኑ ሲጮኽባት እየዋለ። አባቴ ታሪኩን ስነግረው ግንባሩን ያዘና «ለጥበቃው አንድ ነጥብ ይያዝለት» ብሎ ፈረደ። እስከ ዛሬ በመዝገቤ አንድ ነጥብ አለው።

በአራት ሳምንት አባቴ ሦስቱን አሸነፈ፣ ቲቸር አንዱን። አባቴ ግን በመሸነፉ ቀን ነው ከሁሉም በላይ የተደሰተው። ያንን ወረቀት ይዞ ጓዳ ድረስ ገብቶ ለእናቴ አነበበላት፤ እሷ የምታውቀው የእንግሊዝኛ ቃል ፓራሹት ብቻ ነበር። እዚህ አገር እንዲህ ያለ ሰው እያለ እኔ ብቻዬን እኖራለሁ ወይ አለ። ቡሹሎ ድረስ በእግሬም ቢሆን ሄጄ ልተዋወቀው ሲል ግን ደነገጥኩ። ደግነቱ ሰኔ ደርሶ ሽማግሌዎቹ ተመለሱ።

እሑድ ነበር። ሦስቱ ሽማግሌዎች ሶፋው ላይ፣ ቲቸር ከበሩ አጠገብ ባለችው ወንበር ጫፍ ላይ፣ አባቴ ከጠረጴዛው ኋላ። እህቴ በሳሎንና በጓዳ መሐል ካለው መጋረጃ ጀርባ ቆማለች፤ መጋረጃው አጭር ስለሆነ ነጠላ ጫማዋና የእግር ጣቶቿ ይታያሉ። አባቴ የድሮ መልሱን ሊደግም ጉሮሮውን መጠራረግ ሲጀምር እኔ በመውቀጫው ጠረጴዛውን መታሁ። ሰዉ ሁሉ ዞረ። በአንድ በኩል የቲቸርን ዋና ወረቀቶች፣ በራሱ እጅ የተጻፉትን፣ በሌላ በኩል የአባቴን የመጀመሪያዎቹን ሦስት እሑዶች፣ ከነስርዙ ከነፓራፉ፣ ደረደርኩ። «ድሬሰር የሚባል የለም» አልኩ። ተጨማሪ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ ጠፋብኝ።

አባቴ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ አነሳ። ቲቸርም አንገቱን አስግጎ የአባቴን ስርዞች አየ፤ ጆሮው ቀላ። ነባሩ መምህር የአባቴን ወረቀት ተቀብለው ማንበብ ጀመሩ፣ የተሰረዘውን ሁሉ። ፊርማው ስላለበት አባቴ የእኔ አይደለም ማለት አይችልም። ከጓዳ መጀመሪያ የሳቀችው እናቴ ነች።

አባቴ ግን አልሳቀም። ቲቸርን ከላይ እስከ ታች አየው። እስከዚያ ቀን «እርስዎ» ነበር የሚለው።

«ይኼን የጻፍከው አንተ ነህ?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ታዲያ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጠህ ሁለት ቃል የጻፍከው ማንን ብለህ ነው?»

አባቴ ፊቱ ተለዋወጠ። በእንግዶች ፊት ተያዘ፣ በሴት ልጁ ተቀለደበት፣ የራሱ ፓራፍ መሰከረበት። ኩሩ ሰው ሲያፍር ምን እንደሚያደርግ እናንተም ታውቃላችሁ። ጣሳውን አምጪ አለኝ። ለሽማግሌዎቹ ደግሞ ምስክር ናችሁ አላቸው፤ ካሸነፍኩት መልሴ የድሮው መልስ ነው፣ በእውነት ካሸነፈኝ ልጄን ይዞ ይሂድ።

ቀልዱ ከእጄ ያመለጠኝ ያኔ ነው። አባቴ ከአራት ሦስቱን አሸንፏል፤ እህቴም ይኼን ታውቃለች። መጋረጃው ሥር ያሉት ጣቶች ነጠላ ጫማውን ሲጨብጡ አየሁ። በገዛ ብልጠቴ የእህቴን ዕድል ጣሳ ውስጥ ከተትኩት። ያደረግኩት ነገር ቢኖር የቲቸርን ላጲስ መንጠቅ ነው።

ዓይኔን ጨፍኜ አወጣሁ። ጂ፣ ኤች፣ ቲ። ቀላል ፊደላት፣ ስለዚህ ፍጥነት ነው። ሁለቱም አጎነበሱ። የቲቸር አጎት ይኼ እኛ የመጣንበት አገር የጋብቻ ደንብ መስሏቸው ጋቢያቸውን አስተካክለው በአክብሮት ተቀመጡ፤ መድኃኒት ሻጩንም እንዳያወራ በክርናቸው ጎሸም አደረጉት። ሰዓቱ ብቻ ይሰማል። ቲቸር እንደ ልማዱ ቃሎቹን ተራ ቁጥር እየሰጠ ይጽፋል። አባቴ ቁጥር አይሰጥም፤ ከጠረጴዛ ማዶ ያለን ወረቀት ገልብጦ ማንበብ ግን የመዝገብ ቤት ሰው ሙያ ነው። ሊያበቃ አንድ ደቂቃ ሲቀረው ቀና ብሎ የቲቸርን ወረቀት አየ። ከዚያ መጋረጃውን አየ፣ ከላይ አይደለም፣ ከታች። ከዚያ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። ደወሉ ጮኸ።

የቲቸርን አነበብኩ። ሃያ ሁለት፣ ሁሉም ትክክል። የአባቴን ተቀበልኩ። ሃያ ሦስት ቃል ጽፏል። ከላይ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ፣ ናይት እና ላይት፣ ቀጭን መስመር ተሰምሮባቸው ጎናቸው ላይ ፓራፍ አለ። ቀለሙ ገና አልደረቀም። ናይት እና ላይት! እኔ እንኳ ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ የማውቃቸው ቃላት። እነሱን ተጠራጥሮ የሚሰርዝ ሰው የለም።

ሕጉ ግልጽ ነው፤ የተሰረዘ ይነበባል። አፌን ከፈትኩ። አባቴ በዚህኛው ቀን እግሬን አልረገጠኝም። መነጽሩን አውልቆ በመሐረቡ ጫፍ ይጠርጋል፣ እኔን አያይም። ከሦስተኛው ቃል ጀምሬ አነበብኩ። በዳኝነት ዘመኔ ማንም እግሬን ሳይረግጠኝ ሳላነብ ያለፍኩት ያን ብቻ ነው። ሃያ ሁለት ለሃያ አንድ፣ ቲቸር አሸንፏል አልኩና በመውቀጫው መታሁ፤ የእናቴ ጠረጴዛ ላይ ስርጉዷ እስከ ዛሬ አለች። አጎትየው ተነስተው አባቴን ሦስት ጊዜ ሳሙት። አባቴ ቲቸርን «ና ልጄ፣ ወደዚህ ተቀመጥ» አለው። ጣቶቹ ከመጋረጃው ሥር ጠፉ፤ ጓዳ ውስጥ እናትና ልጅ ሲላቀሱ ሰማን።

ሐምሌ ላይ ያለ ብዙ ድግስ ተጋቡ። ነሐሴ ሳይወጣ ዝናብ እየዘነበ በአውቶቡስ ሄዱ። አባቴ መናኸሪያው ላይ ለቲቸር መዝገበ ቃላቱን ሰጠው። «እኛስ?» ስለው «እኛማ ጥበቃው አለልን» አለኝ። ከዚያ በኋላ በየሁለት ወሩ ከጋሞ ጎፋ ሦስት ፊደልና የቃል ዝርዝር የያዘ ደብዳቤ ይመጣ ነበር፣ ከነስድቡ። አባቴ አብዛኛውን ያሸንፍ ነበር።

አንድ ጊዜ ብቻ ጠየቅኩት። አርጅቶ፣ ዓይኑ ደክሞ፣ እኔ ነበርኩ የማነብለት። ናይትና ላይትን ለምን ሰረዝክ አልኩት። የትኛውን ሳይለኝ፣ «የተሰረዘ አይቆጠርም፣ ጓድ ዳኛ» አለኝና ወሬ ቀየረ።

የእህቴ ባል ዛሬም የልጅ ልጆቹን ሰብስቦ፣ አያታችሁን ያገኘኋት ሃያ ሁለት ለሃያ አንድ አሸንፌ ነው ይላቸዋል። ይበል። ውጤቱ ያው ነው፣ አልሻርኩትም። ወረቀቱ ግን እኔ ጋ አለ፣ መስመሩ ሳይደበዝዝ፣ ፓራፉ ሳይጠፋ። የተሰረዘ ይነበባል እንጂ አይቆጠርም፤ እኔ ደግሞ ያላነበብኳቸውን ሁለት ቃላት ስቆጥር ይኸው ዕድሜዬ አለቀ።